ሕያው ተክል በካርቶን ሲላክ

የተከበራችሁ የሥነ ሕይወት መምህራንና የቤተ ሙከራ ባልደረቦች፤

ከቤቱ ሆኖ ለሚሞክር ተማሪ ተክል ስናሽግ ድርቀትን እንፈራለን፤ ስለዚህ ውሃ እናበዛለን። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ኢሎዲያን እንውሰድ፤ በብርሃን ምግቡን ሲሠራ የሚያወጣው የኦክስጅን አረፋ በሙከራ የሚቆጠርበት ተክል ነው። የውሃ ተክል ነው ተብሎ ውሃ በሞላ ላስቲክ ይታሸጋል። ጨለማ ውስጥ ምግቡን አይሠራም፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ሲጨርስ ይበሰብሳል፤ ተማሪው ላስቲኩን ሲፈታ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ያገኛል። ይልቅ 10 ሴንቲሜትር ያህል የሆኑ ሦስት ቁራጮች በቂ ናቸው። ወፍራም ሶፍት ነክራችሁ መንጠባጠቡን እስኪተው ጭመቁት፣ ጠቅልሏቸው፣ አየር ባለበት ላስቲክ ከታችሁ ካርቶን ውስጥ አስገቡ። ሰኞ ላኩት፤ ዓርብ የተላከ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ ያሳልፋል።

ተማሪው በደረሰው ቀን ይፍታው፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያኑረው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብሩህ ቦታ አንድ ቀን ያሳርፈው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «አረፋ የለም!» አብዛኛውን ጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቅሟል፤ ሲፈላ ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቷል። እሱን ለመተካት በግማሽ ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምር። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን አደራ፤ አሲድ ስላለበት ራሱ አረፋ ያወጣል፣ ተማሪውም የተክሉ መስሎት ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል። ግንዱ ውሃ ውስጥ እንዳለ በስለታም ምላጭ በሰያፍ ይቆረጥ፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይዙር። በደነዘዘ መቀስ ከተጨፈለቀ የአየር መውጫው ይደፈናል።

የቅጠል ስታርች ሙከራን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ እንዳይሠራ እመክራለሁ። ቅጠሉን በሞቀ አልኮል ማንጣት ይጠይቃል፤ የአልኮል ተን ደግሞ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስቶማታ፣ ማለትም የቅጠሉን ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች፣ ለማየት ግን ቅጠል ብቻ ይበቃል፤ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ጀርባ ይቀባል፣ ሲደርቅ በስኮች ተልጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ብቅለትን ወይም የብርሃን አቅጣጫ ተከትሎ ማደግን ለማሳየት ችግኝ መላክ ድካም ነው፤ ደረቅ ዘር በፖስታ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ በካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ኢሎዲያ ከቁራጭ ግንድ ራሱን ያባዛል፤ መሸጡን የከለከሉ አገሮችም ስላሉ ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን አገር ሕግ እዩ። ሙከራው ሲያልቅ ተክሉ ደርቆ ወደ ቆሻሻ ይጣል፤ ወንዝም ሐይቅም አይግባ።

አመሰግናለሁ።