መንጋው ከመውጣቱ ስምንት ቀን በፊት

ጤና ይስጥልኝ። አደይ ሲፈነዳ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ እዚህ ጎጃም ከየጓሮው «ንቤ ሄደብኝ» ሲባል ይሰማል። ሽታ አስከፍቶት ነው፣ ተቀይሞ ነው ይባላል። እስቲ ቀፎው ይከፈትና ይታይ። ንብም ማርም ከሌለ ኩብለላ ነው፤ ረሃብ ወይም ጉንዳን አባርሮታል። ግማሹ ንብ ቀርቶ ከማር እንጀራው ግርጌ እንደ ለውዝ የተንጠለጠለ የአውራ ቤት፣ ማለትም አዲስ እናት ንብ የምታድግበት ክፍል፣ ካለ ግን ንቡ አልተቀየመም፤ እየተራባ ነው። ንብ እንደ ቤተሰብ የሚራባው ለሁለት ተከፍሎ ነውና።

ነገሩ የሚጀመረው በጥጋብ ነው። አበባው ሲበዛ አውራዋ እንቁላል ታበዛለች፣ ቀፎው ይጨናነቃል፣ የምትጥልበትን ቀዳዳ የአበባ ወለላ ይይዝባታል። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው የእሷ ጠረንም ለሁሉም አይዳረስም። ያኔ ሠራተኞቹ አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራሉ። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ ቤቱ በ8ኛው ቀን ገደማ ይታሸጋል፣ ልጅቱ በ16ኛው ትወጣለች። አሮጊቷ ግን ቤቱ ሲታሸግ፣ ቀለብ ተቀንሶላት፣ ለበረራ ከስታ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ንብ ይዛ ሄዳለች። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ የሞላውን ቤት፣ ማሩንና እጩን ለልጇ ትታ ባዶ ቤት ፍለጋ የምትወጣው እናቲቱ ናት።

ስለዚህ በየ7 ቀኑ የፍሬሙን፣ ማለትም እንጀራው የሚሠራበትን የእንጨት ማዕቀፍ፣ ግርጌ ማየት ነው። የአውራው ቤት ከታሸገ በኋላ ደርብ፣ ማለትም ከላይ የሚደረብ ሳጥን፣ መጨመር አሮጊቷን አያስቀራትም። ያልታሸገ ቤት፣ ውስጡ እጭ ያለበት፣ ሲገኝ አሮጊቷን ከነተቀመጠችበት ፍሬም ወደ አዲስ ቀፎ ማዛወር ይሻላል። አንድ የታሸገ እጭ ያለበት ፍሬም፣ አንድ የማር ፍሬም ይጨመርላታል፤ የሁለት ፍሬም ንብም ይራገፍላታል፣ ምክንያቱም ቀሳሚዎቹ ወደ ድሮ ቤታቸው ይመለሳሉ። በአሮጌው ቀፎ አንድ ጥሩ የአውራ ቤት ብቻ ይቅር። ብዙ ከተተወ የቀረውም ንብ ከየአዲሷ አውራ ጋር እየተከፈለ ያልቃል። ቤቶቹን እየቆረጡ መጣል ብቻውን ግን አይበጅም፤ መጨናነቁ እስካለ ድረስ መልሰው ይሠሯቸዋል።

ባህላዊ ቀፎ ላለው ይኼ ሁሉ አይመችም። እሱ በወይራ የታጠነ ባዶ ቀፎ ከመስከረም በፊት ዛፍ ላይ ይስቀል።

አውራ ቤት የቀረበት ቀፎ ለሦስት ሳምንት ያህል አይከፈት። ልጅቱ ከድንጉላ፣ ማለትም ከወንዱ ንብ፣ ጋር ለመገናኘት የምትወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላል ይፈለግ።