ጋዝ የምንገዛው በኪሎ ነው
በደሴ ከተማ ለሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው በየማዕድ ቤታችን ስለቆመው የቡታጋዝ ሲሊንደር ነው። ከሰል በተወደደበት፣ መብራትም ሳይታሰብ በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ ጋዝ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ቁርስ ቤትና ሻይ ቤት ከፍተው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፣ የዕለት ትርፋቸው አንድ ሲሊንደር ስንት ቀን እንደሚያቆያቸው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥጋ ስንገዛ ዓይናችንን ከሚዛኑ የማናነሳ፣ በርበሬ ጎደለ ብለን የምንሟገት ሰዎች፣ ጋዝ ላይ ስንደርስ ግን ሲሊንደሩን ብድግ እናደርግና «ከብዷል፣ ሙሉ ነው» ብለን እንከፍላለን። ይህን ልማድ እንድንተው ልጠይቃችሁ ነው የተነሣሁት።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን፣ በግፊት ታምቆ ወደ ፈሳሽነት ተለውጧል። ቫልቩን፣ ማለትም መክፈቻና መዝጊያውን፣ ስንከፍት ፈሳሹ እየተነነ ይወጣል፤ ፈሳሽ እስካለ ድረስም የውስጡ ግፊት ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ግማሽ የሆነው ሲሊንደር እሳት ልክ እንደ ሙሉው ይነዳል፣ እሳቱ ማማሩም ስለ መጠኑ ምንም አይነግረንም። መጠኑን በትክክል የሚነግረን ሚዛን ብቻ ነው።

ሚዛኑን ለመጠቀም አንድ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ አንገት ወይም በመያዣው ላይ «ቲ ደብልዩ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ የተቀረጸው ቁጥር፣ ዕቃው ባዶውን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ያመለክታል። ይህ ቁጥር ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል፤ የጎረቤታችሁ ዕቃ ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር ባዶው 13.7 ኪሎ ከሆነ፣ ከአናቱ ላይ የሚገጠመው የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተሩ) ወልቆ ሲመዘን 26.2 ኪሎ መድረስ አለበት። ሚዛኑ 24.9 ካለ የጎደለው 1.3 ኪሎ ነው፤ ከከፈልነው ከአሥር እጅ አንዱ በላይ ማለት ነው። የእህል ሚዛን መቶ ግራም ወዲህ ወዲያ ሊል ስለሚችል ለእርሷ ከነጋዴ ጋር መጣላት አይገባም፤ ኪሎና ከዚያ በላይ ሲጎድል ግን ዝም ማለት አይገባም።

አንዲት ሻይ ቤት ያላቸው እናታችን ጋዙ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግራቸው፣ ጥፋቱን በምድጃውና በሠራተኛዋ ላይ ጥለው ነበር። ሲሊንደሩን ተሸክመን በአቅራቢያው ወዳለ እህል ነጋዴ ወሰድነው። በአንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀለም ተሸፍኖ ስለነበር በሳንቲም ጠርዝ ፍቀን አነበብነው፤ ገና ያልተነካው ሲሊንደር ከሁለት ኪሎ በላይ ጎድሎት ተገኘ። ልጅቷ በደል ሳይኖርባት ስትወቀስ ከርማለች። ይህ ከገንዘቡ ይልቅ አሳዝኖኛል።

በመቀየርና በማስሞላት መካከል ያለውንም ልዩነት እናስተውል። ባዶ ሰጥተን ሙሉ ስንቀበል ሥራው በደቂቃ ያልቃል፣ ነገር ግን በአሮጌው ውስጥ የቀረችው ጋዝ አብራ ትሄዳለች። ራሳችን ያመጣነው ሲሊንደር ላይ ሲሞላልን፣ ከመሞላቱ በፊትና ከተሞላ በኋላ ተመዝኖ የምንከፍለው ለተጨመረው ኪሎ ብቻ መሆን ይገባዋል። ይህ በተለይ ለእኛ ለደሴ ሰዎች ትርጉም አለው። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከራሱና ከሲሊንደሩ ነው፤ በጦሳ ተራራ ሥር ባለው የጠዋት ብርድ ላይ ትልቅ ምድጃ ያለ ዕረፍት ሲነድ፣ ሲሊንደሩ ከውጭ ውርጭ እስኪይዝ ይቀዘቅዝና እሳቱ ይደክማል። ያን ጊዜ «አለቀ» ብለን ለመቀየር እንሮጣለን፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ብናሳርፈው ግን እሳቱ ይመለስ ነበር። መጠኑን ለመገመት ለብ ያለ ውሃ በጎኑ አፍስሶ በመዳፍ መዳሰስ ይቻላል፤ ፈሳሹ ያለበት ክፍል ቀዝቅዞ ይቆያል። ሲሊንደርን በእሳት ወይም በፍም ማሞቅ ግን ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ነውና ማንም አይሞክረው።

በገበያችን ምርቃት መጠየቅ የተለመደ ነው፤ በጋዝ ላይ ግን ምርቃት አይጠየቅም። ሲሊንደር የሚሞላው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ባዶ ቦታ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ የሚተነፍስበት ነው። በደሴ ብርድ እስከ አፉ የተሞላ ሲሊንደር በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቢቆም፣ የሚሰፋው ፈሳሽ መድረሻ ያጣል። በየጓሮው ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ እየገለበጡ የሚሸጡም፣ ዋጋቸው ቢረክስ እንኳ፣ ያለ ሚዛን የሚሞሉ በመሆናቸው ወይ ያጎድሉብናል ወይ ከልክ በላይ ይሞላሉ። የፈሰሰው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሽታው ሳይሰማን ከምድጃው ሊደርስ ይችላል።

ስንቀበል ደግሞ ዕቃውን እንይ። የዛገ፣ የተጨረመተ ወይም የቫልቩ ማሸጊያ ጎማ (ጎሚኒው) የተበላ ሲሊንደር በእኛ ደህና ሲሊንደር ምትክ አንውሰድ። ቫልቩ ላይ የሳሙና አረፋ እንቀባ፤ አረፋው ካበጠ ጋዙ እያመለጠ ነው። ለሲሊንደሩ በመያዣነት የከፈልነውን ገንዘብ ደረሰኝም አናጥፋ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃና ደረሰኝ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ኪሎው የተጻፈበት ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ወደ ንግድ መምሪያ ቢሄድም አቤቱታው ክብደት አያገኝም። አብዛኞቹ ነጋዴዎቻችን ሐቀኞች ናቸው፤ ሚዛን ፊት ለፊት ሲቀመጥ እነርሱም ከሐሜት ይድናሉ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ማኅበራችን እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን ገዝቶ በመጋዘኑ በር ላይ እንዲያቆም፣ ትክክለኛነቱንም የከተማችን ንግድ መምሪያ በመደበኛ የክብደት መለኪያ እንዲያረጋግጥልን ደብዳቤ እንዲጻፍ ነው። አባል የሆነም ያልሆነም ያለ ክፍያ ይመዝንበት። ወጪውን ከዘንድሮው ትርፍ ክፍፍል በፊት እንድንወስንበት፣ ከአሁኑ ስብሰባ ሳንወጣ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።