ኮንፊግሬሽኑን ማን ይሸከመው?

[ስክሪኑ ላይ አምስት ሳጥኖች በቀስት ተያይዘው ይታያሉ]

እነዚህ አምስት ሳጥኖች አምስት ፈንክሽኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ሁለተኛውን ይጠራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ እንዲያ እያለ እስከ አምስተኛው። ኮንፊግሬሽኑን፣ ማለትም እንደ ዳታቤዙ አድራሻ ያሉትን የፕሮግራሙን ቅንብሮች፣ የሚያውቀው አንደኛው ነው። አድራሻውን የሚፈልገው ደግሞ አምስተኛው።

እንዴት ይድረሰው? ግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም ከየትኛውም የኮዱ ክፍል የሚነበብና የሚቀየር ማድረግ ይቻላል። ቀላል ነው፤ ግን ማን መቼ እንደቀየረው አይታወቅም። ሌላው መንገድ በፓራሜትር (ፈንክሽኑ ሲጠራ በሚቀበለው ዋጋ) እጅ በእጅ ማቀባበል ነው። ንጹህ ነው፤ ግን መሃል ያሉት ሦስቱ የማይጠቀሙበትን ዕቃ ተሸካሚ ይሆናሉ።

እኔ አንድ ጊዜ ታይምአውት የምትባል፣ መልስ እስከ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ የምትወስን አንዲት ቁጥር ለመጨመር 11 ፈንክሽን ነካክቻለሁ። ዘጠኙን ጉዳዩ አይመለከታቸውም ነበር።

[ቀስቶቹ ይደበዝዛሉ]

ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ሪደር ሞናድ ይባላል። «ሞናድ» ሲባል ቪዲዮውን ልትዘጉ እጃችሁን የሰደዳችሁ፣ አንዴ ቆዩ። ነገሩ ከስሙ በጣም ያንሳል። ሪደር ማለት «ኮንፊግሬሽን ስጠኝ፣ ውጤት እሰጥሃለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ፈንክሽን ነው። በቃ። ሁለት እንዲህ ያሉ ፈንክሽኖችን ስናያይዝ ሞናዱ ያንኑ ኮንፊግሬሽን ለሁለቱም ያቀብላል። ማቀበሉ አልቀረም፤ የቀረው የእኛ መጻፍ ነው።

አምስተኛው ፈንክሽን አድራሻውን ሲፈልግ «አስክ» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲነሳ «ራንሪደር» ብለን እውነተኛውን ኮንፊግሬሽን አንዴ እንሰጣለን። ለቴስት ሲሆን ሌላ መስጠት ነው።

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ግን «ሎካል» ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ ታይምአውቱን ከ30 ሰከንድ ወደ 5 ማውረድ ፈለግን እንበል። ሎካል የተሻሻለውን ቅጂ ለዚያ ሥራ ብቻ ይሰጠዋል። ከዚያ ስንወጣ 30ው እንዳለ ነው። ዋናው ስላልተነካ የሚመለስ ነገር የለም። ግሎባል ቫሪያብል ቢሆን፣ መልሶ ማስቀመጡን የረሳ ሰው ጉዱን የሚያየው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው።

[ሦስቱ የመሃል ሳጥኖች ቀለማቸው ይቀየራል]

ዕዳም አለው። መሃል ያሉት ሦስቱ ታይፓቸው (ኮዱ ላይ የሚጻፈው ዓይነታቸው) ላይ ሪደር መባል አለባቸው። ነባር ኮድ ላይ ይሄ ያለፋል። ግን አንዴ ከተጻፈ በኋላ፣ ኮንፊግሬሽኑ ውስጥ አዲስ ነገር ብትጨምሩ እነሱን መንካት አያስፈልግም። ደግሞም ታይፑን ያየ ሰው ፈንክሽኑ ኮንፊግሬሽን እንደሚፈልግ ያውቃል። ግሎባሉ ይሄን አይነግራችሁም።

ስካላ የሚባለው ቋንቋ ወደዚሁ ችግር በሌላ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። ፓራሜትሩ አለ፤ የሚሞላው ግን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚተረጉመው) ነው። ድሮ «ኢምፕሊሲት» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ሥራ ተጭኖበት አንባቢን ያደናግር ነበር። በ2021 የወጣው ስካላ 3 ለአቅራቢው «ጊቨን»፣ ለተቀባዩ «ዩዚንግ» ብሎ ለየው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮምፓይለሩ ጊቨኑን ፈልጎ የሚያገኘው በስም ሳይሆን በታይፕ ነው። አድራሻውን እንዲሁ ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) አድርጋችሁ ካስተላለፋችሁ፣ ሌላ የስትሪንግ ጊቨን ሲመጣ ወይ ይምታታበታል ወይ ያልፈለጋችሁትን ያነሳል። ስለዚህ ለአድራሻው የራሱን ታይፕ ፍጠሩለት።

[አምስተኛው ሳጥን ላይ «የዳታቤዝ አድራሻ» የሚል መለያ ይለጠፋል]