መርዝ ድመት አይቀንስም፦ ለጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበሩ አመራሮች፣ እናቶችና አባቶች፣ የምድር ቤት ሱቅ ባለቤቶች፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የጠራችሁን በግቢያችሁ ስለበዙት ባለቤት አልባ ድመቶች የእንስሳት ሐኪሞች ምን እንደምንል ለመስማት ነው። ቅሬታችሁን አስቀድመን አንብበናል። ኮርኒስ ውስጥ ይወልዳሉ፣ ሌሊት ጣሪያ ላይ ይጯጯኻሉ፣ ደረጃው በሽንት ይሸታል፣ የቆሻሻ ከረጢት ተዘርግፎ ያድራል፣ ልጆች ይቧጨራሉ። አንዳንዶቻችሁ መርዝ ይበተን ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ማታ ማታ ፍትፍት ታወጣላችሁ። ሁለቱም ወገኖች የድመቱ ቁጥር እንዳይወርድ እያደረጉ ነው፤ ከዚህ እንጀምር።

አንድ ግቢ ስንት ድመት እንደሚይዝ የሚወስነው ምግቡና መደበቂያው ነው። ምግቡን ሳትነኩ አሥር ድመት ብትገድሉ የአሥር ድመት ቀለብ ባለቤት ያጣል። ከአጥር ማዶ ያሉት ይገቡበታል፤ ከመርዙ የተረፈችው እናትም ግልገሎቿን የሚሻማቸው ስለሌለ ያድጉላታል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ተመራማሪዎች ይህን ደን ውስጥ በካሜራ ተከታትለውታል፤ ድመቶች እየተያዙ በተወገዱባቸው ቦታዎች ቁጥሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መግደል የሚሠራው ሌላ ድመት ሊመጣበት በማይችል ስፍራ ነው። የደቡብ አፍሪካ ግዛት በሆነችው በማሪዮን ደሴት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1949 አምስት ድመቶች ገቡ፤ በ1977 ወደ 3,400 ደርሰው ነበር። የድመት ቫይረስ ተለቀቀባቸው፣ በሌሊት በጠመንጃ ታደኑ፣ ወጥመድና መርዝ ተጨመረ፤ ደሴቷ ከድመት የጸዳችው በ1991 ነው። ያውም ቋሚ ነዋሪ የሌላት፣ ዙሪያዋ ውቅያኖስ የሆነ ደሴት ናት። የእናንተ ግቢ አጥር የሽቦ ነው።

የመርዙ ሌላ ጣጣም አለ። የተመረዘ ሥጋ ማን እንደሚያነሳው አይመርጥም፤ የጥበቃው ውሻ ይበላዋል፣ ሕፃን ይነካዋል፣ ሬሳውን ጥንብ አንሳ ያነሳዋል። የተመረዘች ድመት ደግሞ ሜዳ ላይ አትሞትም። ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሽታ አራተኛ ፎቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በማዳበሪያ አስሮ ከቀለበት መንገድ ማዶ መጣልም ያው ነው። አንዳንዷ ተመልሳ ትመጣለች፣ አንዳንዷ መንገድ ላይ ትዳጣለች፣ ቦታዋን ግን ሌላ ይይዘዋል።

ስለ መራባታቸው ጥቂት እንበል። ሴት ድመት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜዋ ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናዋ 9 ሳምንት ያህል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ትወልዳለች፤ እያጠባችም እንደገና ታረግዛለች። እዚህ ላይ አገራችን ከአውሮፓ ትለያለች። ድመት ለመራባት የምትነሳሳው በቀን ብርሃን ርዝመት ነው፤ በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥር መራባቷ ለጥቂት ወራት ይቋረጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ የእኛ ድመት ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች። የውጭ መመሪያ አንብባችሁ «የመራቢያ ወቅቱ ሳይጀምር» የሚል ምክር ብታገኙ ለእናንተ አይሆንም። የምትጠብቁት የዕረፍት ወቅት የለም። በተረፈ ከአንዲት ድመት በሰባት ዓመት 420,000 ይወለዳል የሚለውን ወሬ አትመኑት፤ በሜዳ ከሚወለዱት ግልገሎች ከግማሽ በላዩ ስድስት ወር ሳይሞላው ያልቃል።

የምንመክረው መያዝ፣ ማምከን፣ መከተብና የተያዙበት ቦታ መመለስን ነው። የመከነች ድመት ቦታዋን ይዛ ትቆያለች፤ ምግቡን ትበላለች፤ ግን አትወልድም። ቁጥሩ በአንድ ወር አይወርድም፣ ይህን አስቀድመን እንንገራችሁ፤ ድመቶቹ በዕድሜና በአደጋ ሲያልፉ በዓመታት ነው የሚወርደው። በሳምንታት ውስጥ የሚለወጠው ሌላው ነገር ነው፦ ጩኸቱ፣ ጠቡ፣ የወንዱ የሚከረፋ ሽንት። አበው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን አብዛኛው ወንድ ዓመሉን ይረሳል።

ብዙ ቦታ ይህ ሥራ የሚከሽፈው በግማሽ ስለሚቀር ነው። ዘንድሮ ሦስት፣ ለከርሞ አራት እያሉ ማምከን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያልመከኑት የሚወልዷቸው ከመከኑት ይበልጣሉ። ከአሥር ድመት ቢያንስ ሰባቱ፣ ቢቻል ስምንቱና ከዚያ በላይ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መያዝ አለባቸው። ገንዘቡ ለሁሉም ብሎክ የማይበቃ ከሆነ ግቢውን ሁሉ አትንኩ፤ አንድ ብሎክ ጨርሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። ክፍያውን ለማቅለል ክሊኒኮች ለብዙ ድመት የሚቀንሱትን ዋጋ ጠይቁ፤ ቢሾፍቱ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በማኅበሩ ስም ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ የማምከን ቀዶ ጥገና ተማሪዎች ሊለማመዱት የሚገባ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ምግቡ። የቆሻሻ ከረጢት ማኅበራቱ በሚሰበስቡበት ዕለት ጠዋት ይውጣ፤ ማታ የወጣ ከረጢት ለድመት የቀረበ ራት ነው። ልኳንዳ ቤቶች ልፋጭና አጥንት ክዳን ባለው በርሜል ያኑሩ። በበዓል ዋዜማ ኮሙናሉ ውስጥ ከታረደ በኋላ ደሙ በውኃ ይታጠብ፣ ፈርሱና አንጀቱ በዚያው ሰዓት ታስሮ ወደ ገንዳ ይሂድ። ገንዳው ክዳን ከሌለው ልፋታችሁ ግማሹ በከንቱ ስለሆነ ኮሚቴው ወረዳውን ይወትውት።

ኮርኒሱንና የቧንቧ መተላለፊያውን በሽቦ ወንፊት ዝጉ። ድመት ጭንቅላቷ ካለፈ ቀሪው አካሏ ያልፋልና አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይበቃታል። ከመዝጋታችሁ በፊት ቀዳዳው አፍ ላይ ዱቄት በትናችሁ ሁለት ሌሊት ዱካ እዩ። ግልገል ውስጥ ካለ ጠብቁ፤ እናቷን ውጭ አስቀርቶ መዝጋት ጣሪያ ውስጥ ሬሳ መተው ነው።

ለምትመግቡ ሰዎች፦ ማቆም ያለባችሁ መዝረክረኩን ነው። ከሁሉም ብሎክ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ድመት ከ150 እስከ 200 ግራም የተቀቀለ ሥጋ አቅርቡና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰሃኑን አንሱ። የወጥ ፍትፍት አትስጡ፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የላም ወተት አብዛኞቹን አዋቂ ድመቶች ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃቸዋል። ሰዓቱን የጠበቀ ምግብ ሁለት ጥቅም አለው፦ ድመቶቹን ለመቁጠርና ሲያስፈልግ አስርቦ ለመያዝ።

ቆጠራው አንድ ሳምንት ይፈጃል። በየምሽቱ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ ቀለሟን፣ ጅራቷን፣ ጠባሳዋን፣ የጡቷን ሁኔታ መዝግቡ። ጡቷ ያበጠና ዙሪያው ጸጉር የሌለው ከሆነ የምታጠባ ናት። ቁጥሩ ሳይታወቅ የክሊኒክ ቀጠሮ መያዝ አይቻልም፤ ቀጠሮ ሳይኖር ደግሞ ወጥመድ አይዘረጋም። የተያዘች ድመት ሐኪም ፍለጋ ሦስት ቀን ሽቦ ውስጥ ስትቆይ እየተወራጨች አፍንጫዋንና ጥርሷን ትሰብራለች።

ወጥመዱን ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የብየዳው ሹል በሞረድ ይለስልስ። ስትረግጠው በሩን የሚጥለው ሳንቃ ከኋለኛው ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ይቀመጥ፤ ምግቡ ከሳንቃው ኋላ ይሁን። ብየዳ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ወጥመዱ ሲያጥር በሩ ወገቧ ላይ ይወድቅና ወደኋላ ታመልጣለች፤ አንዴ ያመለጠች ድመት ዳግመኛ አትገባም። ሳንቃው ከጠነከረም ሁለት ኪሎ የምትመዝን ድመት ምግቡን ጨርሳ ትወጣለች። ለአሥር ድመት አምስት ወይም ስድስት ወጥመድ ይበቃል።

ወጥመዶቹን በራቸው ታስሮ፣ እንደተከፈቱ፣ ለሦስት ለአራት ቀን መመገቢያው ቦታ አስቀምጡና ውስጣቸው አብሏቸው። ከመያዣው ቀን በፊት ባለው ምሽት ምግብ አትስጡ፤ ውኃ ግን አይከልከል። በዚያን ዕለት ሌሎቻችሁም ምግብ ማውጣት የለባችሁም። አንድ ሩኅሩኅ ሰው የጣለው አጥንት የምሽቱን ሥራ ያበላሻል። ማባበያው አንድ ማንኪያ ቱና ወይም ሰርዲን ነው። ጾም ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ አብዛኞቹ ልኳንዳዎች ሲዘጉ ድመቱ ይርበዋል፣ ስለዚህ ከዓቢይ ጾም የተሻለ ጊዜ የላችሁም። በፋሲካ ሰሞን ግን ወጥመድ መዘርጋት ድካም ነው፤ ማን ቱና ይፈልጋል?

በየግማሽ ሰዓቱ ተመልከቱ። በሩ እንደወደቀ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት፤ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች። ጣታችሁን በወንፊት አታስገቡ፣ በእጅ ለመያዝም አትሞክሩ። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ግልገል ለቀዶ ጥገና አልደረሰም፤ ለብቻው ተይዞ ሰው ከለመደ ቤት ሊገኝለት ይችላል። ይህ የሚሳካው ሁለት ወር ገደማ እስኪሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየከበደ ይሄዳል።

ከሐኪሙ አራት ነገር ጠይቁ። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟና ከቆዳው ሥር የተቀበረ ይሁን፤ ክር ለማስወጣት ድመቷን ዳግም የሚይዛት የለም። የሕመም ማስታገሻ ይሰጣት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወጋ፣ ቀኑም ይመዝገብ። በማደንዘዣው ውስጥ እያለች የግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በቀጥታ ይቆረጥ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ጭካኔ ትሉታላችሁ፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚታይ፣ የማይጠፋ ሌላ ምልክት የለም፤ ያለ እሱ ያችው ድመት ሁለተኛ ጊዜ ሆዷ ሊቀደድ ይችላል።

ወንድ 24 ሰዓት፣ ሴት 48 ሰዓት በተሸፈነ ቦታ ይቆዩ። የምታጠባ እናት ግን ሙሉ በሙሉ እንደነቃች፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት ትለቀቅ። ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀት ስለሚያወርድ ወጥመዱ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ ጣውላ አድርጉለት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ። እየተንገዳገደች የተለቀቀች ድመት ከጣሪያ ትወድቃለች። የመከነ ወንድ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል አንዲት ሴት አርግዛ ብታዩ ሐኪሙን አትክሰሱት።

አይጥ እንዳይበዛ ብላችሁ ድመት የምታበዙ አላችሁ። ድመት የምትይዘው በአብዛኛው ትንንሾቹን ነው፤ ትልቁን የገንዳ አይጥ ብዙዎቹ አይደፍሩትም። የአይጥ መርዝ የምታስቀምጡም አስቡበት፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች።

ስለ ንክሻ ጠንቀቅ ብለን እንናገር። በዓለም ሰውን ከሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ድመትም ግን ታስተላልፋለች። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ልጅ ሲነከስ ወይም ሲቧጨር ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ፌጦ አታድርጉበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበል መጠመቅ የምትፈልጉ ተጠመቁ፣ ክትባቱን ግን አታዘግዩ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የነከሰችውን ድመትም አትግደሉ። ተዘግቶባት 10 ቀን በጤና ከቆየች ስትነክስ በምራቋ ውስጥ ቫይረሱ እንዳልነበረ ይታወቃል፤ ክትባቱን መጀመር ግን ይህን አይጠብቅም።

ነፍሰ ጡሮች ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችለው ጥገኛ ተሕዋስ፣ ስለ ቶክሶፕላዝማ ትጠይቁናላችሁ። የድመት ኩስ የሚያስተላልፈው ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ስለሆነ በየቀኑ በሌላ ሰው ይጠረግ፤ አፈር ስትነኩ ጓንት አድርጉ፣ ሰላጣ በደንብ እጠቡ። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎም ይኸው በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ድመቷን ከማባረራችሁ በፊት እሱን ተዉት።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው መዝገቡን ይያዝ። ጆሮዋ ያልተቆረጠ አዲስ ድመት ስትታይ ጥበቃው ለእሱ ይንገር፤ ሁለት ወጥመድ ለዚሁ ይቀመጥ። ተከራይ ሲለቅ ድመቱን ጥሎ እንዳይሄድ የማኅበሩ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ ከአዲስ መጤዎቹ መካከል ሰው የለመዱት ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተተዉ ናቸው።

የቆጠራ ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ስሙን ያስመዝግብ፤ ቆጠራው ሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራል።