ማያኮቭስካያ፦ በብረት ዓምዶች ላይ የቆመው የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ሞስኮው ማያኮቭስካያ ጣቢያ ከተነጋገርን በኋላ አድማጮች በስልክ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል አምስቱን ለሕንፃ ታሪክ ባለሙያችን አቅርበን የሰጡንን መልስ እንደሚከተለው አስፍረናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞስኮ ውስጥ በጌጥ ያሸበረቁ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ብዙ እንደሆኑ ይነገራል። ታዲያ ይህ ጣቢያ ተለይቶ የሚነሣው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ በጌጥ ብዛት ከሆነ የሚበልጡት አሉ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1952 የተከፈተው፣ የከተማዋን መሐል በሚዞረው የቀለበት መስመር ላይ ያለው ኮምሶሞልስካያ አንዱ ነው። ማያኮቭስካያን ልዩ የሚያደርገው ግን ውበቱ ግንባታው ካለቀ በኋላ የተለጠፈ ሳይሆን ከግንባታው ዘዴ ከራሱ የሚመነጭ መሆኑ ነው። ጣቢያው በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) ሁለተኛ የግንባታ ምዕራፍ ተሠርቶ በሴፕቴምበር 1938 አገልግሎት ጀመረ። አርክቴክቱ አሌክሴይ ዱሽኪን ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ዛሬ ክሮፖትኪንስካያ የሚባለውን ጣቢያ ነድፎ ነበር። በ1939 በኒው ዮርክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የማያኮቭስካያ አንድ ክፍል በትክክለኛ መጠኑ ተሠርቶ ለእይታ ቀርቦ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

ጥያቄ፦ ከመሬት በታች 33 ሜትር ላይ ያለ አዳራሽ እንዴት በእነዚያ ቀጫጭን ዓምዶች ሊቆም ቻለ?

መልስ፦ የጣቢያው ቁልፍ ጉዳይ ይህ በመሆኑ ጥቂት ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። በዚያ ጥልቀት የአፈሩና የውሃው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ጥንቃቄን አስቀድመው ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሦስት የተለያዩ ዋሻዎችን ይሠሩና በመካከላቸው ወፍራም፣ ግድግዳ የሚያህል ምሰሶ ይተዉ ነበር። መንገደኛው ከአንዱ ዋሻ ወደ ሌላው የሚያልፈው በእነዚህ ምሰሶዎች መካከል በተከፈተ መተላለፊያ ነው። አሠራሩ አስተማማኝ ቢሆንም አዳራሹን ይከፋፍለዋል፤ መሐል ላይ የቆመ ሰው በሁለቱም በኩል ያሉትን ባቡሮች በአንድ ጊዜ ለማየት ይቸገራል።

በማያኮቭስካያ ግን የሦስቱ ዋሻዎች የጣሪያ ቅስቶች እርስ በርስ ተያይዘው እንዲቆሙ ተደረገ። ከላይ የሚመጣው ክብደት መጀመሪያ በዓምዶቹ አናት ላይ በርዝመት በተዘረጉት የብረት ተሸካሚዎች ላይ ያርፋል፤ ከዚያም በብረት ዓምዶቹ በኩል ወርዶ ወደ መሠረቱ ይተላለፋል። ብረት በአነስተኛ ውፍረት ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ወፍራሙ ምሰሶ አላስፈላጊ ሆነ፤ አዳራሹም ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። በጥልቅ ከተቆፈሩት ጣቢያዎች መካከል በዚህ ዓይነት የዓምድ ዘዴ የተሠራው የመጀመሪያው ይህ ነው። ዱሽኪንም ብረቱን በእብነ በረድ ሸፍኖ ከመደበቅ ይልቅ ዓምዶቹንና ቅስቶቹን በተሸነሸነ የማይዝግ ብረት አለበሳቸው፤ ይህን ሽፋን ያዘጋጀውም ሰማይ ላይ የሚንሳፈፉ የአየር መርከቦችን ይሠራ የነበረ ፋብሪካ ነው። በዓምዶቹ ታችኛው ክፍል የገባው ሮዝ መልክ ያለው ድንጋይ ሮዶናይት ይባላል። በእኔ አመለካከት ድንጋዩ ባይኖርም ጣቢያው ብዙ አይጎድልበትም ነበር።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ላይ ያሉት ሥዕሎች ምን ያሳያሉ? ከታች ሆኖ ለመመልከትስ አያስቸግሩም?

መልስ፦ በማዕከላዊው አዳራሽ ጣሪያ በተደረደሩት ሞላላ ጉልላቶች ውስጥ 34 ሞዛይኮች ይታያሉ። ንድፋቸው የሠዓሊው የአሌክሳንደር ዴይኔካ ነው፤ ከባለ ቀለም ብርጭቆ የተገጣጠሙት ደግሞ ሌኒንግራድ ውስጥ በቭላድሚር ፍሮሎቭ ወርክሾፕ ነው። ርእሳቸው የሶቪየት ሰማይ የአንድ ሙሉ ቀን ውሎ ሲሆን፣ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሰው ከንጋት ወደ ቀትር፣ ከዚያም በሌሊት በኩል አልፎ እንደገና ወደ ንጋት ይደርሳል። አውሮፕላኖች፣ በጃንጥላ የሚወርዱ ዘላዮች፣ ስፖርተኞች፣ በሌሊት ደግሞ የክሬምሊን ስፓስካያ ግንብ ይታያሉ።

ሁሉም ከታች ወደ ላይ እንደሚታይ ሆኖ መነደፉ ብልህነት ነው፤ መሬት ውስጥ የገባ ሰው ቀና ሲል የሚያገኘው ድንጋይ ሳይሆን ሰማይ ይሆንለታል። ጠያቂያችን ያነሡት ችግር ግን እውነተኛ ነው። ጉልላቶቹ ጥልቅ በመሆናቸው ሥዕሉን በሙሉ ለማየት በቀጥታ ከሥሩ መቆም ግድ ይላል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይህን የሚሞክር ሰው ደግሞ በሕዝቡ መገፋቱ አይቀርም። በየጉልላቱ ዙሪያ የተተከሉት አምፖሎች በብርሃን በኩል ያለውን ጉድለት ይክሳሉ።

ጥያቄ፦ ገጣሚው ማያኮቭስኪ በጣቢያው ሥራ ተሳትፏል?

መልስ፦ አልተሳተፈም። ቭላድሚር ማያኮቭስኪ የሞተው በ1930 ሲሆን የሞስኮ ሜትሮ አገልግሎት የጀመረው በ1935 ነው። ጣቢያው ስሙን የያዘው ከላዩ ያለው አደባባይ በገጣሚው ስም ይጠራ ስለነበር ነው። አደባባዩ ዛሬ ወደ ቀድሞ ስሙ ወደ ትሪዩምፋልናያ ቢመለስም ጣቢያው ስሙን አልለወጠም።

ጥያቄ፦ ስታሊን በዚህ ጣቢያ ንግግር አድርጓል የሚባለው እውነት ነው? ጣቢያውስ ከዚያ ወዲህ ምን ለውጥ ታየበት?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ቀኑም ኖቬምበር 6፣ 1941 ነበር። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ተጠግቶ ከተማዋ በአየር ትደበደብ ነበር፤ የቦልሾይ ቴአትርም ከጥቂት ቀናት በፊት በቦምብ ተመትቷል። የሜትሮ ጣቢያዎች ከዚያ ዓመት ጁላይ ጀምሮ ነዋሪዎች የሚጠለሉባቸው ቦታዎች ስለነበሩ፣ የጥቅምት አብዮት 24ኛ ዓመት ዋዜማ ስብሰባ እዚህ ተደረገ። አዳራሹ በወንበር ተሞላ፣ በአንደኛው ጫፍ መድረክ ተዘጋጀ፣ ሐዲዱ ላይ የቆሙ ሠረገላዎችም ለእንግዶች መስተንግዶ ዋሉ። በማግስቱ በቀይ አደባባይ ወታደራዊ ሰልፍ ተካሄደ። ጥልቀቱ ስብሰባውን ከቦምብ እንደጠበቀው ሁሉ፣ ያን ያህል ተሰብሳቢ በአንድ መድረክ ፊት ማስቀመጥ ያስቻለው የአዳራሹ ክፍትነት ነው፤ በወፍራም ምሰሶ የተከፋፈለ ጣቢያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በእጅጉ ይከብድ ነበር።

ለውጡን በተመለከተ ትልቁ በ2005 በሰሜን በኩል የተከፈተው ሁለተኛ መውጫ ነው። የመውጫው አዳራሽ ጣሪያ የሠዓሊው የኢቫን ሉበንኒኮቭ ሞዛይኮች አሉበት፤ በእነሱም ላይ የማያኮቭስኪ ስንኞች ሰማይ መሐል ተጽፈው ይነበባሉ። አዲሱ ክፍል ከዱሽኪን አዳራሽ ጋር ለመፎካከር አለመሞከሩን በግሌ እደግፈዋለሁ። ጊዜ ያለው ጎብኚ በዚህ በኩል ቢገባ፣ መጀመሪያ የገጣሚውን ስንኞች፣ ቀጥሎም የዴይኔካን ሞዛይኮች በተራ ለማየት ይመቸዋል።