ዛፍ የሚቆርጡ የጎልፍ ክለቦች

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ወሬዬም ስለ ጎልፍ ነው። አትሳቁ! እኔ አልጫወትም። ዱላና ኳስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጃንሜዳና የገና ጨዋታ ነው።

ሰሞኑን ግን ማታ ማታ፣ አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የእንግሊዝ የጎልፍ ሜዳዎችን ቪዲዮ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። በተለይ ሰኒንግዴል የሚባለውን። ከለንደን ወጣ ብሎ ነው፤ አሮጌው ሜዳ በፈረንጆቹ 1901 ተከፈተ። ወጣ ገባ ያለ መሬት፣ ጥድ፣ በመሃል ደግሞ ሐምራዊ ቁጥቋጦ። ሄዘር ይሉታል። ስሜን ወይም ባሌ ተራራ የወጣችሁ አስታን ታውቁታላችሁ አይደል? የእሱ ዘመድ ነው፤ ግን አጭር ነው። ነሐሴ ላይ ሲያብብ ምንጣፍ ይመስላል። ኳስ ከገባበት ግን ጉድ ፈላ! ቅርንጫፉ እንደ ሽቦ ጠንካራ ስለሆነ የዱላውን አንገት ይዞ ይጠመዝዘዋል። ጎበዝ የተባለውም ተጫዋች ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ኳሷን ወደ ጎን ያወጣታል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ መሬት ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ለእርሻ አይሆንም። ስለዚህ ሰዉ ለብዙ ዘመን ከብት አሰማራበት፣ ማገዶ ለቀመበት። ዛፍ ብቅ ሲል ከብቱ ይቀጥፈዋል። ከብቱ ሲቀር ዛፉ መጣ፣ ጥላውም ሄዘሩን ገደለው። ከ1800 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ከእንዲህ ያለው መሬት ከሦስት አራተኛ በላይ ጠፍቷል። አሁን ብዙ ክለቦች ሄዘሩን ለማዳን ዛፍ ይቆርጣሉ።

በየክረምቱ ችግኝ ተሸክመን ለምንወጣ ሰዎች ይሄ ነውር ነው መቼም። እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ። እንጦጦ ስትወጡ ባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት ነው፤ ሣሩ ሳስቷል። ስንት ተተከለ ከማለት በፊት ምን፣ የት ተተከለ ማለት ይሻላል።

አንድ ልጨምርና ልሂድ። እዚያው እንግሊዝ፣ ደን ውስጥ፣ ሮያል አሽዳውን ፎረስት የሚባል ሜዳ አለ፣ ከ1888 ጀምሮ። ሌሎች ሜዳዎች ጨዋታውን ለማክበድ የሚቆፍሩት የአሸዋ ጉድጓድ የለውም፤ አንድም! የደኑ ጠባቂዎች መቆፈር ስለከለከሉ ነው። ቀላል ነው የሚል ግን የለም። ጅረቱና ሄዘሩ በቂ ናቸው።

በሉ፣ ሳምንት ሌላ ወሬ አለኝ።