ከሮሊንግ ሮድ እስከ ማውንት ቨርነን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ለማድረስ በየቀኑ የምንነዳበት ሮሊንግ ሮድ (የሚንከባለሉበት መንገድ ማለት ነው) ስሙን ያገኘው ከትንባሆ በርሜል ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የደረቀው ቅጠል ግማሽ ቶን ገደማ በሚመዝን የእንጨት በርሜል ይታሸግና፣ በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ በሰውና በከብት ጉልበት እስከ ወንዙ ወደብ እየተንከባለለ ይወርድ ነበር።

ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ብዙዎቻችንም ኑሮ የመሠረትንበት የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ራሱን ችሎ የቆመው በ1742 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የተሰየመውም በሎርድ ፌርፋክስ ስም ሲሆን፣ እኚህ እንግሊዛዊ መኳንንት ከአምስት ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት በውርስ የያዙ ነበሩ። ከእሳቸው አስቀድሞ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይኖሩ ከነበሩት፣ ዶግ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች በአካባቢያችን የቀረው ዶግ ራን የተባለው ጅረት ስም ነው።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በፖቶማክ ዳር ያለውን የማውንት ቨርነን እርሻ በ1754 ተከራይተው፣ በ1761 ወርሰው፣ በኋላም እያስፋፉ አምስት እርሻዎች ያሉት ስምንት ሺህ ኤከር ገደማ ይዞታ አደረጉት። ትንባሆ አፈሩን ስለሚያሟጥጥ በ1760ዎቹ አጋማሽ ዋና ምርታቸውን ወደ ስንዴ አዞሩ። በዶግ ራን እርሻ ያሠሩት ባለ አሥራ ስድስት ጎን ጎተራ ለእኛ እንግዳ አይሆንም፤ በፎቁ ላይ ፈረሶች እየዞሩ ስንዴውን ያበራያሉ፣ ፍሬውም በወለሉ ሳንቃዎች ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል። አውድማችን ጣሪያ ተሠርቶለት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሠሩት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ዋሽንግተን በሞቱበት በ1799 ያዘጋጁት ዝርዝር 317 ሰዎችን ይዟል፤ እንደ እኔ እምነት በማውንት ቨርነን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ የለም። ጵርስቅላ የምትባል የእርሻ ሠራተኛ ከስድስት ልጆቿ ጋር በዶግ ራን ትኖር ነበር። ባሏ ጆ የውኃ ቦይ ቆፋሪ ሲሆን፣ የሚያድረው በዋናው ግቢ ስለነበር ቤተሰቡን የሚያገኘው የሳምንቱ ሥራ ሲያልቅ፣ በእግሩ ተጉዞ ነበር። የአንድ አዋቂ ሰው የዕለት ቀለብ አንድ ሊትር ያህል የበቆሎ ዱቄትና በጨው የደረቀ ጥቂት ዓሣ ነበር።

ዋሽንግተን በኑዛዜያቸው የራሳቸውን ባሮች ነፃ እንዲወጡ አዘዙ፤ እነዚህም ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ነፃ ወጡ። የባለቤታቸው የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ የነበሩት 153 ሰዎች ግን በሕጉ ሊለቀቁ አልቻሉም፤ ወይዘሮዋ ሲሞቱም ለልጅ ልጆቻቸው ተከፋፈሉ። ባል ነፃ ሲወጣ ሚስትና ልጆቹ በባርነት የቀሩበት ቤት ብዙ ነው።

ከእርሻው አጠገብ፣ ዛሬ በሪችመንድ ሀይዌይ የምናልፈውን የጋም ስፕሪንግስን መንደር በ1833 የመሠረተው በዋሽንግተን ቤተሰብ ዘንድ ባሪያ የነበረውና ነፃ የወጣው ዌስት ፎርድ ነው።

በማውንት ቨርነን ጫካ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን መቃብር ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የባሮቹ መካነ መቃብር አለ። በ1929 አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ፣ በ1983 ደግሞ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነደፉት ሐውልት ቆሞበታል፤ በየመቃብሩ ላይ ግን ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለም። የፊታችን ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር ወደዚያ እንሄዳለን። የ317ቱን ስም ዝርዝር አትመን እናመጣለን፤ ልጆቹም በየተራ ጮክ ብለው ያነቡታል።